አርሰናል በ1919 አንደኛ ዲቪዚዮን የገባው በምን መንገድ ነው? (ድምፁ፣ ሰንጠረዡና የክለቡ ሰብሳቢ የሄንሪ ኖሪስ ነገር)

ሰንጠረዥ ቆጣሪ

የሰሜን ለንደን ደርቢ (የአርሰናልና የቶተንሃም ጨዋታ) በደረሰ ቁጥር ያው ጭቅጭቅ ነው። የስፐርስ (የቶተንሃም) ደጋፊ «በጉቦ ነው የገባችሁት» ይላል፣ የአርሰናል ደጋፊ «በድምፅ ተመርጠን ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ሰንጠረዡን አያነሱም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን ላስቀምጥ፣ ከዚያ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ይጨምርበት። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጉን ያቋረጠው ከ1914-15 የውድድር ዘመን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማሸነፍ 2 ነጥብ፣ አቻ 1 ነጥብ፣ እያንዳንዱ ቡድን 38 ጨዋታ። የአንደኛ ዲቪዚዮን የመጨረሻዎቹ ሦስት፦ ማንችስተር ዩናይትድ 30፣ ቼልሲ 29፣ ቶተንሃም 28። ወራጆቹ ሁለት ስለሆኑ ቼልሲና ቶተንሃም መውረድ ነበረባቸው።

የሁለተኛ ዲቪዚዮን አናት፦ ደርቢ ካውንቲ 53፣ ፕሪስተን 50፣ ባርንስሊ 47፣ ዎልቭስ 45፣ አርሰናል 43፣ በርሚንግሃም 43። አዳጊዎቹ ደርቢና ፕሪስተን።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሊጉ አንደኛ ዲቪዚዮንን ከ20 ወደ 22 ቡድን አሳደገ። ሁለት ቦታ ተከፈተ ማለት ነው። አንዱ ያለ ድምፅ ለቼልሲ ተሰጠ። ሁለተኛው ማርች 10 ቀን 1919 ድምፅ ተሰጠበት፤ ውጤቱ ይኸው፦ አርሰናል 18፣ ቶተንሃም 8፣ ባርንስሊ 5፣ ዎልቭስ 4፣ ኖቲንግሃም ፎረስት 3፣ በርሚንግሃም 2፣ ካርዲፍ 1፣ ሀል ሲቲ 1። ድምሩ 42።

ካርዲፍ በዚያ ሰዓት የሊጉ አባል እንኳ አልነበረም፤ በሳውዘርን ሊግ ነበር የሚጫወተው። ማን እንደመረጠው እግዜር ይወቀው።

ነጭ ለባሽ

ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የጎደለው ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ነው። ሊጉ ዲቪዚዮኑን ሲያሰፋ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1898 ከ16 ወደ 18 ሲያድግ፣ ወራጅ የነበረው ብላክበርን ሮቨርስ ባለበት ቆየ፣ ኒውካስል ከታች ገባ። በ1905 ከ18 ወደ 20 ሲያድግ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቡሪና ኖትስ ካውንቲ ነበሩ፤ ሁለቱም ሳይወርዱ ቀሩ።

ስለዚህ ቶተንሃም በ1919 «የ1905ቱ ይደገምልን» ቢል አዲስ ነገር አልጠየቀም። ያልተለመደው 19ኛውን ያለ ድምፅ አስቀርቶ 20ኛውን ለድምፅ ማቅረብ ነው። በደንብ ካያችሁት ቼልሲና ቶተንሃም የሚለያዩት በ1 ነጥብ ነው።

እሺ፣ ሁለተኛው ቦታ ለታችኛው ዲቪዚዮን ይሰጥ ቢባል እንኳ ተራው የባርንስሊ ነበር። ሦስተኛ የወጣው እሱ ነው፤ ከአርሰናል በ4 ነጥብ ይበልጣል። ስለ ባርንስሊ ግን ማንም አያለቅስም።

መድፈኛ 1886

የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፣ ግን የሊጉ ፕሬዚዳንት ጆን ማኬና ያቀረበውን ምክንያት ልሟገትለት አልችልም። አርሰናል ለሊጉ ረጅም አገልግሎት ስለሰጠ ቦታው ይገባዋል ነው ያለው። አርሰናል ሊጉን የተቀላቀለው በ1893 ነው፤ ከደቡብ እንግሊዝ የመጀመሪያው ክለብ። ቶተንሃም የገባው በ1908 ነው። ከቶተንሃም ጋር ብቻ ከተወዳደረ ምክንያቱ ይቆማል።

ችግሩ እጩዎቹ ሁለት ብቻ አልነበሩም። ዎልቭስ በ1888 ሊጉን ከመሠረቱት 12 ክለቦች አንዱ ነው። ፎረስትና በርሚንግሃም (ያኔ ስሞል ሂዝ ይባል ነበር) በ1892 ነው የገቡት። በአገልግሎት ዘመን ከሆነ አርሰናል አራተኛ ነው፣ በደረጃ ከሆነ ደግሞ ከባርንስሊና ከዎልቭስ ኋላ። በየትኛውም መስፈርት አንደኛ አይወጣም። ድምፁን ያገኘው መስፈርቱ ሳይሆን ቅስቀሳው ነው።

አዲስ ገቢ

አንዳንድ ቦታ ላይ አርሰናል በ1915 6ኛ ወጣ ይላል፣ ሌላ ቦታ 5ኛ። የቱ ነው ልክ?

ሰንጠረዥ ቆጣሪ

5ኛ ነው። ለብዙ ዘመን 6ኛ ተብሎ ሲታተም የኖረው በሒሳብ ስህተት ነው። ያኔ እኩል ነጥብ ያላቸው ቡድኖች የሚለዩት በጎል ልዩነት አልነበረም፤ ያገቡትን በገባባቸው አካፍለው ነበር።

አርሰናል 69 አግብቶ 41 ገባበት፦ 69 ÷ 41 = 1.683።
በርሚንግሃም 62 አግብቶ 39 ገባበት፦ 62 ÷ 39 = 1.590።

አርሰናል ይበልጣል። በመቀነስም ብትሄድ (28 ለ 23) ያው ነው። በነገራችን ላይ አርሰናል የዘመኑን የመጨረሻ ጨዋታ ኖቲንግሃም ፎረስትን 7 ለ 0 ነው ያሸነፈው፤ ያ ድል ባይኖር አርሰናል 41 ነጥብ ላይ ቀርቶ በርሚንግሃም ይበልጠው ነበር።

የድሮ ሰንጠረዥ ስትመረምር አትቀንስ፣ አካፍል። ቢያንስ እስከ ሦስተኛው አስርዮሽ ሂድ። ማካፈሉ የሚሸልመው ጎል የማይገባበትን ቡድን ነው። 20 አግብቶ 10 የገባበት (2.00) ከ60 አግብቶ 31 ከገባበት (1.94) ይቀድማል፤ በልዩነት ግን 10 ለ 29 ነው። እንግሊዝ ወደ ጎል ልዩነት የዞረችው በ1976-77 ነው።

አዲስ ገቢ

ይሄ ማካፈል የሚባለው ዋንጫ ወስኖ ያውቃል?

መድፈኛ 1886

ያውቃል። በ1953 አርሰናልና ፕሪስተን እኩል 54 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። አርሰናል 97 ÷ 64 = 1.516፣ ፕሪስተን 85 ÷ 60 = 1.417። ዋንጫው ወደ ሃይበሪ፣ ወደ አርሰናል ሜዳ፣ ገባ።

የ1971ዱ ደግሞ ይበልጥ ይጥማል፣ ምክንያቱም የጨዋታውን ስልት ራሱን የወሰነው ሒሳቡ ነው። ሜይ 3 አርሰናል የመጨረሻ የሊግ ጨዋታውን በቶተንሃም ሜዳ በዋይት ሃርት ሌን ሊጫወት ሲሄድ ሊድስ 42 ጨዋታውን ጨርሶ 64 ነጥብ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ጎሉ 72 ለ 30፣ ማለትም 2.400። አርሰናል 63 ነጥብ፣ ጎሉ 70 ለ 29፣ ማለትም 2.414። አቻ ቢወጣ ነጥቡ እኩል ይሆናል። 0 ለ 0 ከሆነ 2.414 ባለበት ይቆያል፣ አርሰናል ሻምፒዮን። 1 ለ 1 ከሆነ 71 ÷ 30 = 2.367፣ ዋንጫው የሊድስ። ጎል የገባበት አቻ ሁሉ ሽንፈት ነበር ማለት ነው። ሬይ ኬኔዲ መጨረሻ አካባቢ በጭንቅላት ሲያገባ 1 ለ 0 ሆነ፤ ግን ቶተንሃም በዚያች ቅጽበት አንድ ቢያገባ አርሰናል ጎል ከማግባቱ በፊት ከነበረበት የባሰ ቦታ ላይ ይወድቅ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ሊቨርፑልን በዌምብሌይ 2 ለ 1 አሸንፎ ደብሉን (ሊጉንና የኤፍኤ ዋንጫን በአንድ ዓመት) ጨረሰ።

የድሮ ጋዜጣ

ወደ 1919 እንመለስ፤ ዋናው ጉዳይ ገና አልተነሳም። ቼልሲ ለምን ያለ ድምፅ ቀረ?

ኤፕሪል 2 ቀን 1915፣ የፈረንጆች ስቅለት፣ ኦልድ ትራፎርድ። ዩናይትድ ሊቨርፑልን 2 ለ 0 አሸነፈ። ሁለቱንም ያገባው ጆርጅ አንደርሰን ነው። ዩናይትድ ፍጹም ቅጣት ምት አግኝቶ ኦኮነል ኳሷን ከጎሉ ውጪ ሰደዳት። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የሊቨርፑሉ ፍሬድ ፓግናም መትቶ አግዳሚው ሲመልስበት የገዛ ጓደኞቹ ተቆጡት። አቆማሪዎቹ ደግሞ በትክክል 2 ለ 0 ላይ ብዙ ገንዘብ መመደቡን አይተው ክፍያውን ከለከሉ።

በምርመራው ሰባት ተጫዋቾች ለዕድሜ ልክ ታገዱ፦ ከዩናይትድ ሳንዲ ተርንቡል፣ አርተር ዎሊና ኢኖክ ዌስት፤ ከሊቨርፑል ጃኪ ሼልደን፣ ቶም ሚለር፣ ቦብ ፐርሴልና ቶም ፌርፎል። ተጠያቂዎቹ ተጫዋቾቹ ናቸው ተብሎ ክለቦቹ ነጥብ አልተቀነሰባቸውም። ከጦርነቱ በኋላ እገዳው ለስድስቱ ተነሳ፤ ተርንቡል በ1917 ጦር ሜዳ ስለሞተ ለእሱ የተነሳለት ከሞተ በኋላ ነው። ዌስት ንጹሕ ነኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶ ተሸንፏል፤ የእሱ እስከ 1945 አልተነሳም።

አሁን ማን እንደተጎዳ እናስላ። ዩናይትድ የጨረሰው 30 ነጥብ፣ ጎሉ 46 ለ 62። ቼልሲ 29 ነጥብ፣ 51 ለ 65።

ጨዋታው 0 ለ 0 ቢያልቅ ዩናይትድ 29 ይሆናል፣ 44 ÷ 62 = 0.710። ቼልሲ 51 ÷ 65 = 0.785። ቼልሲ ይተርፋል፣ ዩናይትድ ይወርዳል።

ዩናይትድ 1 ለ 0 ቢሸነፍ 28 ይሆናል፣ ከቶተንሃም ጋር እኩል። 44 ÷ 63 = 0.698፤ ቶተንሃም ደግሞ 57 ÷ 90 = 0.633። ቶተንሃም አሁንም የመጨረሻ ነው።

ዩናይትድ ካላሸነፈ፣ በትልቅ ጎል እስካልተደመሰሰ ድረስ፣ ቶተንሃም ከ20ኛ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ማጭበርበር የተጎዳው ቼልሲ ብቻ ነው። ስለዚህ ሊጉ ዩናይትድን ሳይነካ ቼልሲን ማቆየቱ በገዛ ሒሳቡ ያስኬዳል፤ ነጭ ለባሽ «በ1 ነጥብ ነው የሚለያዩት» ያለውም በዚህ ዓይን ሲታይ ሌላ ነገር ነው።

ነጭ ለባሽ

ስሌቱን ተቀብያለሁ። ግን እሱ የሚያስረዳው ቼልሲ ለምን እንደቀረ ነው እንጂ ባርንስሊና ዎልቭስ ለምን እንደታለፉ አይደለም። ቶተንሃም የመጨረሻ ነው፣ ይውረድ እሺ። 5ኛው ምን ቤት ነው ከ3ኛው የሚቀድመው?

የፕለምስቴድ ሰው

ለዚህ መልሱ ያለው ከ1919 በፊት ነው። ክለቡን የመሠረቱት በ1886 ዉልዊች የሚገኘው የንጉሣዊው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ስሙ መጀመሪያ ዳያል ስኩዌር ነበር። ዲሴምበር 11 ቀን የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ኢስተርን ዋንደረርስን 6 ለ 0 አሸነፉ። ቀዩ ማሊያ የመጣው ቀድሞ በፎረስት ከተጫወቱት ከቢርድስሊና ከቤትስ በኩል ነው።

ክለቡን ያቆመው ፋብሪካው ነው፣ የጎዳውም ፋብሪካው ነው። ተመልካቹ የጥይትና የመድፍ ሠራተኛ ነው፤ የቦር ጦርነት ጊዜ የቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ከሜዳ አስቀረው፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ፋብሪካው ሰው ቀነሰ። ሜዳው ፕለምስቴድ ነው፣ ከመሃል ለንደን ለሚመጣ ሰው ሩቅ። በ1910 ክለቡ ከሰረና የፉልሃም ሰብሳቢ የነበረው ሄንሪ ኖሪስ ያዘው። ኖሪስ ቤት ሠርቶ ሻጭ ነበር፣ ሒሳብ ያውቃል። መጀመሪያ ያሰበው ከፉልሃም ጋር ማዋሃድ ነው፣ ሊጉ እምቢ አለ። በአንድ ሜዳ ይጫወቱ አለ፣ ያም አልሆነለትም።

በ1912-13 ቡድኑ በ38 ጨዋታ 3 ብቻ አሸንፎ፣ 26 አግብቶ 74 ገብቶበት፣ በ18 ነጥብ ወረደ። ኖሪስ በዚያው ክረምት ክለቡን ወንዝ አሻግሮ ሃይበሪ አስገባው። ቦታው የቅዱስ ዮሐንስ የነገረ መለኮት ኮሌጅ መጫወቻ ሜዳ ነበር፤ ለ21 ዓመት በ20,000 ፓውንድ ተከራየው። ውሉ በስቅለትና በገና ዕለት ጨዋታ እንዳይደረግ፣ መጠጥም እንዳይሸጥ ይከለክላል። በ1925 ቦታውን በ64,000 ፓውንድ ጠቅልሎ እስኪገዛው ድረስ እንዲህ ነበር።

ለምን ሃይበሪ? ጊሌስፒ ሮድ የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ከሜዳው ደጃፍ ላይ ስለሆነ ነው። (በ1932 የጣቢያው ስም ራሱ «አርሰናል» ተባለ።) ቶተንሃም፣ ክላፕተን ኦሪየንትና የኢዝሊንግተን ምክር ቤት ተቃወሙ፤ ሊጉ አልሰማቸውም።

ሴፕቴምበር 6 ቀን 1913 ሌስተር ፎሲን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ሜዳው ገና አላለቀም ነበር። ጆርጅ ጆቢ አቻ የምታደርገውን ጎል በጭንቅላት አግብቶ ቆይቶ ተጎዳ። የሚወስደው ነገር ስላልተገኘ በወተት ሻጭ ጋሪ ላይ ጭነው ነው ወደ ቤቱ የላኩት።

ይህ ሁሉ ወጪ ያለው ክለብ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ሊኖር አይችልም። ዕዳ አለበት፣ ከዚያ አራት ዓመት የጦርነት ጊዜ ገቢ የለም። ኖሪስ በ1919 ቤት ለቤት የዞረው ለክብር አይደለም።

መድፈኛ 1886

ኖሪስም የ1910ሩ ሰው አልነበረም። በ1917 ሰር ተብሏል፣ በ1918 የፉልሃም ኢስት የፓርላማ አባል ሆኗል። ማኬናን ደግሞ በደንብ ያውቀዋል። ማኬና የሊቨርፑል ክለብ የቀድሞ ሰብሳቢ ነው፣ ሊቨርፑል ደግሞ በ1915ቱ ማጭበርበር ስሙ የተነሳ ክለብ ነው። «ኖሪስ ነገሩን እገልጣለሁ ብሎ አስፈራራ» የሚለው ወሬ የሚበቅለው እዚህ ላይ ነው።

የድሮ ጋዜጣ

ወሬ ነው፣ ወሬነቱን ይዘን እንቀጥል። ጉቦ ተሰጠ የሚል ሰነድ የለም፣ አስፈራራ የሚልም የለም። ማጭበርበሩ እኮ በ1915 መጨረሻ በይፋ ተፈርዶበት በጋዜጣ ወጥቷል፤ የተገለጠ ነገር ምን ይገለጣል?

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ሌስሊ ናይተን ኋላ በትዝታ መጽሐፉ ስለ ኖሪስ ተደማጭነት የጻፈውን ነው። ሁለት ነገር አስቡበት። ናይተን የአርሰናልን አሠልጣኝነት የያዘው ከድምፁ በኋላ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ደግሞም በ1925 ያባረረው ኖሪስ ነው። የተባረረ ሰው ስለ አባራሪው የሚናገረውን በሚዛን ነው መውሰድ ያለብን።

ድምፅ ማሰባሰብ ግን ያለ ጥርጥር ነበር። ኖሪስ ክለቦቹን አስቀድሞ አነጋገረ፣ ማኬና ስብሰባው ላይ ደገፈ። ቶተንሃም የ1905ቱ ልማድ ይበቃኛል ብሎ የተማመነ ይመስላል። 18 ለ 8 የሆነው በዚህ ነው።

አዲስ ገቢ

ቶተንሃም ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

ነጭ ለባሽ

በ1919-20 ሁለተኛ ዲቪዚዮንን በ70 ነጥብ፣ በ102 ጎል አንደኛ ሆኖ ወዲያው ተመለሰ። አርሰናል በዚያ ዓመት ከላይ 10ኛ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚገርመው በጦርነቱ ጊዜ ዋይት ሃርት ሌን የጋዝ ጭንብል መሥሪያ ተደርጎ ስለነበር ቶተንሃም የሜዳውን ጨዋታ በከፊል ሃይበሪ ላይ ነው ያደረገው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ሃይበሪ ለሲቪል መከላከያ ሲያዝ አርሰናል ዋይት ሃርት ሌን ሄደ። እንዲህ ነው ጠላትነቱ።

ሰንጠረዥ ቆጣሪ

አርሰናልም በድምፅ ያገኘውን ቦታ ወዲያው አልተጠቀመበትም። ኖሪስ ናይተንን ከ1,000 ፓውንድ በላይ ተጫዋች አትግዛ፣ አጫጭር ሰው አታምጣ ብሎ ነበር የያዘው። በ1924-25 ቡድኑ 20ኛ ወጣ፣ ከወራጁ በላይ አንድ ደረጃ። አሠልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን በናይተን ቦታ የመጣው ያኔ ነው።

እድሉም ረዳው። በዚያው 1925 ክረምት ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ሕግ ተቀየረ፤ በአጥቂውና በጎል መስመሩ መካከል ሦስት ተጋጣሚ መኖር የነበረበት ወደ ሁለት ወረደ። ቀድሞ አንድ ተከላካይ ወደፊት ሲወጣ አጥቂው ይያዝ ነበር፤ ሌላው ተከላካይ ኋላ ቀርቶ ይሸፍናል። አሁን ያው ተንኮል ካልሠራ አጥቂው ከግብ ጠባቂው ጋር ለብቻው ይፋጠጣል። በአንደኛ ዲቪዚዮን የገባው ጎል በአንድ ዓመት ከ1,192 ወደ 1,703 ዘለለ።

ኦክቶበር 3 ኒውካስል አርሰናልን 7 ለ 0 ደበደበው። አዲስ የተገዛው አጥቂ ቻርሊ ቡካን፣ መሃል የሚጫወተው ጃክ በትለር ወርዶ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል ይቁም የሚለውን ገፋበት። ግን ይህ ብቻውን አይሠራም፤ መሃሉ ባዶ ይቀራል። ክፍተቱን ለመሙላት ከአምስቱ አጥቂዎች አንዱ መውረድ አለበት። ቡካን እኔ ልውረድ አለ፣ ቻፕማን ጎልህን እፈልገዋለሁ ብሎ ከለከለውና አንዲ ኒልን አወረደ። ከሁለት ቀን በኋላ ዌስትሃምን ከሜዳው ውጪ 4 ለ 0 አሸነፉ። ዘመኑን በሁለተኛነት ጨረሱ። በኋላ ሄርቢ ሮበርትስ የበትለርን፣ አሌክስ ጄምስ የኒልን ቦታ ሲይዙ ነው ማሽኑ የተሟላው፤ የሊግ ዋንጫዎቹም መጡ፦ 1931፣ 1933፣ 1934፣ 1935። ቻፕማን ራሱ ጃንዋሪ 6 ቀን 1934 ስለሞተ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሲጠናቀቁ አላየም።

መድፈኛ 1886

የቡካን ግዢም ኖሪስን ያሳያል። ሰንደርላንድ 4,000 ፓውንድ ጠየቀ፣ ዕድሜው ገፍቷል ተባለ፣ በዓመት 20 ጎል ያገባል ብሎ ሻጩ ተከራከረ። ስምምነቱ 2,000 በእጅ፣ ለእያንዳንዱ ጎል 100 ሆነ። ቡካን በመጀመሪያው ዘመን በሊግና በዋንጫ 21 አገባ። 2,000 + 2,100 = 4,100። ከተጠየቀው 100 ፓውንድ በላይ ከፈሉ።

ነጭ ለባሽ

ኖሪስ መጨረሻው ምን እንደሆነም ይጻፍ እንጂ።

የድሮ ጋዜጣ

በ1927 የእግር ኳስ ማኅበሩ የክለቡን ሒሳብ መረመረ። በክለቡ ወጪ የግል ጉዳዩን እንደሸፈነ፣ የቡድኑ አውቶቡስ የተሸጠበትን 125 ፓውንድም ለራሱ እንዳደረገ ተገኘ። ከእግር ኳስ ታገደ። ማኅበሩን በስም ማጥፋት ከሶ በ1929 ተረታ። ስለ 1919 ግን የተጠየቀው ነገር የለም፤ የታገደው በአውቶቡሱና በወጪ ደረሰኞቹ ነው።

አንድ የሚጨመር አለ። በ1915 አግዳሚውን የመታው ያ ፍሬድ ፓግናም የማጭበርበሩ አካል አልነበረም፣ በምርመራውም መስክሯል። በ1919 መጸው ሊቨርፑልን ለቆ የፈረመው ለአርሰናል ነው፤ በ1920-21 የክለቡ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ።